ዋናው ወዴት፣ ቅጂው ወዴት? ኤሌክትሮታይፕ እና የመቅደላ ቅርሶች ክርክር

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽ (ሉሲ) እና ሰላም ፕራግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለት ወር ለዕይታ ሲቀርቡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቶሎ የተነሳው ጥያቄ «የሄደችው ዋናዋ ናት ወይስ ቅጂዋ?» የሚል ነበር። የሄዱት ዋናዎቹ አፅሞች ናቸው። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው ግን በመስታወት ውስጥ የሚያየው የድንቅነሽን ቅጂ ነው፤ ዋናው አፅም ተቆልፎበት ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ቸርችል ጎዳና ወርዶ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚያየው የሴባስቶፖል መድፍም ቅጂ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ከቅጂ ጋር አብረን የምንኖር ሰዎች ብንሆንም ስለ ቅጂ አሠራር የምንነጋገረው በደፈናው ነው። ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ቅጂውን እነሱ ያስቀሩ፣ ዋናውን ይመልሱ» የሚል ወገን አለ፤ «ለእኛ ቅጂ ሊልኩልን ነው» ብሎ የሚሠጋም አለ። በዚህ መሐል ወርቅ ቅብ፣ አቅልጦ ማፍሰስ፣ በኮምፒውተር ታግዞ ማተም ሁሉም አንድ ነገር እየመሰለ ይደበላለቃል። ይህ ጽሑፍ በዚህ ድብልቅልቅ ብዙም ስሙ ስለማይነሳው፣ ነገር ግን ለክርክሩ ከሁሉም ስለሚቀርበው ኤሌክትሮታይፕ (በኤሌክትሪክ መዳብ አሳድጎ የአንድን ዕቃ ገጽ ቅጂ ማውጣት) ነው። የሚቀርብበትም ምክንያት አለው፦ የመቅደላን የወርቅ ዘውድ የያዘው የለንደኑ ሙዚየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ጥበብ ትልቁ ደንበኛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቅብም አይደለም፣ ቀልጦ የፈሰሰም አይደለም

ፒያሳ ያሉ ወርቅ ቤቶች ወርቅ ቅብ ሲሉ በብር ወይም በመዳብ ጌጥ ላይ በኤሌክትሪክ የተለበጠ እጅግ ስስ የወርቅ ሽፋን ማለታቸው ነው። የቅብ ዓላማ ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር እንዳይላቀቅ ሆኖ መጣበቁ ነው። ገዢው የሚያየው ሽፋኑን ብቻ ስለሆነ ከሥር ያለው ምንም ሊሆን ይችላል። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ የገዛው ዕቃ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ወርቅ የተቀባ ብረት መሆኑ የታወቀበት ጊዜ የብዙዎች ትዝታ ነው።

ኤሌክትሮታይፕም በዚያው ዓይነት ገንዳ ውስጥ ይሠራል፤ ዓላማው ግን የቅብ ተቃራኒ ነው። ሽፋኑ እንዲወፍር ይደረግና በመጨረሻ ከተቀመጠበት ይላቀቃል። የሚፈለገው የተላቀቀው ቅርፊት ራሱ ነው፤ ቅርፊቱ የዋናው ዕቃ ገጽ ቅጂ ይሆናል።

አቅልጦ ማፍሰስ ደግሞ ሌላ ነው። የመስቀል ሠሪዎቻችን የቆየ ሙያ ሰም ቀርጾ በጭቃ መሸፈን፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ማውጣትና ባዶውን ቦታ በቀለጠ ብረት መሙላት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይኮማተራል። ገጹም ሻካራ ሆኖ ስለሚወጣ በሞረድ መስተካከል አለበት። በኤሌክትሮታይፕ የሚቀልጥ ብረት የለም። መዳቡ የሚያድገው በክፍል ሙቀት አካባቢ፣ ከፈሳሽ ውስጥ፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት በቅንጣት እየተደራረበ ነው። ስለዚህ መጠኑ አይቀንስም፤ በዋናው ላይ ያለች የፀጉር ያህል ጭረት እንኳ ሳትቀር ትገለበጣለች። ለሙዚየምም ለአጭበርባሪም የሚጥመው ይኸው ጠባዩ ነው።

ገንዳው ውስጥ የሚሆነው

ጥበቡን በማስተዋወቅ ቀዳሚነት የሚሰጠው በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ ለነበረው ለሞሪትዝ ኸርማን ያኮቢ ነው። ያኮቢ በ1838 በኔቫ ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ጀልባ የሞከረ መሐንዲስ ነው። ባትሪ ሲሠራ በሰሌዳው ላይ የተጋገረው መዳብ ሲላጥ የሰሌዳውን ጭረት ሁሉ ይዞ እንደሚወጣ አስተዋለ፤ በዚያው ዓመትም ግኝቱን ለሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ አሳወቀ። ጋልቫኖፕላስቲ የሚለው ስም የእሱ ነው። በ1839 ቶማስ ስፔንሰር በሊቨርፑል፣ ሲ. ጄ. ጆርዳን በለንደን ተመሳሳይ ሥራ እንደሠሩ በጽሑፍ አስታውቀዋል፤ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ያኔም ብዙ ቀለም ፈሶበታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ከዋናው ዕቃ ላይ ቅርጽ ማውጫ ይወሰዳል። ሰም፣ ጀሶ ወይም ጉታፐርቻ የተባለ ሙጫ መሰል ነገር ዕቃው ላይ ተጭኖ የገጹን ግልባጭ ይይዛል። ሰም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ የመጻፊያ እርሳስ እምብርት በሆነው ግራፋይት ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል። ግራፋይት እንዲህ እንደሚያገለግል የታወቀው በ1840 ነው፤ ከዚያ በፊት ቅርጽ ማውጫው የግድ ብረት መሆን ነበረበት።

ግራፋይት የለበሰው ሰም ሰልፈሪክ አሲድ የተጨመረበት የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ይነከርና ከኤሌክትሪክ ምንጩ ኔጋቲቭ ጫፍ ጋር ይገናኛል፤ ካቶድ የሚባለው ይህ ነው። በትይዩው አኖድ የሚባል ንጹሕ የመዳብ ሰሌዳ ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋር ተገናኝቶ ይሰቀላል። ኮረንቲው ሲለቀቅ ከሰሌዳው ላይ መዳብ አዮን (ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው ቅንጣት) ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ በሰሙ በኩል ደግሞ የጎደለውን ኤሌክትሮን አግኝቶ መልሶ ብረት ይሆናል። ከአንዱ ወገን የሚጎድለው በሌላው ወገን ስለሚተካ ፈሳሹ ብዙም ሳይዳከም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የ1 አምፔር ኮረንቲ በ1 ሰዓት ውስጥ 1.19 ግራም ያህል መዳብ ያስቀምጣል። ጎንና ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ 2 አምፔር ቢለቀቅ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለማግኘት 38 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኮረንቲውን ጨምሮ ማፍጠን ይቻላል፤ መዳቡ ግን ሻካራ ይሆናል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይም ጉብጉብ ያበጃል። ትዕግሥት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኮረንቲው መሐል ላይ ተቋርጦ ቢመለስ አዲሱ ንብርብር ከአሮጌው ጋር በደንብ ላይዋሐድ ይችላል፤ ቅርፊቱም ኋላ በንብርብሮቹ መካከል ይላጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግነቱ ገንዳው የሚፈልገው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ የመኪና ባትሪ ክፍተቱን ሊሞላ ይችላል።

ማተሚያ ቤት ውስጥ

ኤሌክትሮታይፕ ለጌጥና ለሐውልት ከመዋሉም በላይ እንጀራ የበላው በሕትመት ሥራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የእርሳስ ፊደል ዘመንን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፊደል ለቃሚው ከገበታው ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ ገጹን ያዘጋጃል። ፊደሎቹ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ድብልቅ ስለሆኑ ለስላሳ ናቸው፤ ብዙ ሺህ ቅጂ ሲታተምባቸው ጠርዛቸው ይደበዝዛል። መጽሐፉ እንደገና ይታተማል ተብሎ ገጹ ሳይበተን ቢቀመጥ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ታስሮ ይቀራል። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ እንጨቱ ከተሰነጠቀ ሥዕሉ የለም።

መፍትሔው የገጹን የመዳብ ቅጂ ማውጣት ሆነ። የተለቀመው ገጽ ሞቅ ባለ ሰም ላይ በኃይል ይጫናል። ሰሙ በግራፋይት ታሽቶ ገንዳ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ የፈላ ውሃ ይፈስበትና ቅርፊቱ ከሰሙ ይላቀቃል፤ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በጣት ቢጫኑት ይታጠፋል። ስለዚህ በጀርባው ቆርቆሮ ይቀባና የቀለጠ የእርሳስ ድብልቅ ይፈስበታል፤ ከዚያ በመላጊያ ይስተካከልና በእንጨት ላይ ይቸነከራል። ከእንጨቱ ጋር ቁመቱ ከተራው ፊደል ቁመት፣ ከ23.3 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ትንሽ ካነሰ ቀለም አይነካውም፣ ከበለጠ ወረቀቱን ይበሳል። የእርሳስ ፊደሉ ተገልብጦ የተቀረጸ ነው፤ ሰሙ ላይ ይቃናል፣ መዳቡ ላይ መልሶ ይገለበጣል፣ ወረቀቱ ላይ ይነበባል። ገጹም በዚያው ቀን ተበትኖ ፊደሉ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ስቲሪዮታይፕ የሚባለው ተቀናቃኝ ዘዴ በጭቃማ ወረቀት ላይ ግልባጭ ወስዶ እርሳስ ማፍሰስ ነው። ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ ጋዜጦች እሱን መረጡ። ጥራት የሚፈልጉ መጻሕፍትና ሥዕሎች ወደ ኤሌክትሮታይፕ ሄዱ። የእንግሊዝ ባንክ ሐኪም የነበረው አልፍሬድ ስሚ በ1841 ስለ ጥበቡ መጽሐፍ ጻፈ፤ ኋላም ባንኩ የገንዘብ ኖቱን ከኤሌክትሮታይፕ ሰሌዳ እንዲያትም መንገዱን ያሳየው እሱ ነው። የገንዘብ ኖት አንዱ ከሌላው በምንም መለየት የለበትም፤ ከአንድ ዋና የሚወጡ የመዳብ ሰሌዳዎች ይህን አመቻቹ። ቪየና ውስጥ አሎይስ አወር በ1850ዎቹ የዛፍ ቅጠል በእርሳስ ሰሌዳ ላይ በመጫን ከዚያ የመዳብ ሰሌዳ እያወጣ የቅጠሉን ሥር ሳይቀር አትሟል።

ፊደላችንን ይዘን ስናየው ጉዳዩ ይሰፋል። የላቲን ፊደል ለቃሚ ከጥቂት ደርዘን ምልክቶች ጋር ሲሠራ፣ የአማርኛው 33 ፊደላትን በሰባት ሆሄ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ምልክት ይለቅም ነበር። በእንዲህ ያለ ፊደል አንድ መዝሙረ ዳዊት ሳይበተን ማቆየት ምን ያህል እርሳስ እንደሚያስር መገመት አያዳግትም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም የአገሪቱ የማተሚያ ታሪክ ማዕከል እንደመሆኑ፣ በአሮጌ ማተሚያ ቤቶች የቀሩ የእንጨትና የብረት ሰሌዳዎች እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት መታየት አለባቸው። አንድ ሰሌዳ ላይ ላዩ ቀላ ብሎ ጀርባው ግራጫ ከሆነ ኤሌክትሮታይፕ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቅጂ ማውጣት በቀለለ ቁጥር ባለቤትነት መጠያየቁም ገና ከጅምሩ ነው። ፊደል ቀራጩ በብረት ላይ ወራት የደከመበትን ቅርጽ፣ ተፎካካሪው አንድ ጥቅል ፊደል ገዝቶ በገንዳ ውስጥ የፊደል ማፍሰሻ ሊያወጣበት ቻለ። አሜሪካ ውስጥ በ1842 የተሰጠው የመጀመሪያው የንድፍ ባለቤትነት መብት ለፊደል አፍሳሹ ለጆርጅ ብሩስ የሕትመት ፊደል ነበር።

ኦፍሴት የተባለው የሕትመት ዘዴ ሲመጣ ይህ ሁሉ ከማተሚያ ቤት ወጣ። ጥበቡ ግን አልሞተም፤ ከመዳብ ወደ ኒኬል ተሻግሮ ቀጠለ። የ1960ዎቹ የአማርኛ ሙዚቃ ሸክላዎች የተጫኑባቸው ማተሚያዎች፣ የሲዲ ማተሚያዎች፣ በካርድ ላይ የሚያብረቀርቀው የሆሎግራም ምልክት ማውጫ፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ ያደጉ የኒኬል ቅርፊቶች ናቸው።

በ1867 ፓሪስ፣ በ1868 መቅደላ

ከሕትመት ውጭ ጥበቡ ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚችል ቶሎ ታየ። የሴንት ፒተርስበርጉ ይስሐቅ ካቴድራል፣ የፍራንክፈርቱ የጉተንበርግ መታሰቢያ፣ በፓሪስ ኦፔራ ጣሪያ ላይ የቆሙት ወርቅ የለበሱ ሐውልቶች ኤሌክትሮታይፕ አለባቸው ወይም ራሳቸው ኤሌክትሮታይፕ ናቸው። በእንግሊዝ ሥራውን የመራው በርሚንግሃም ያለው የኤልኪንግተን ድርጅት ነበር፤ ዋና ደንበኛውም ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው የያኔው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ነው።

የሙዚየሙ ኃላፊ ሄንሪ ኮል በ1867 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ስምምነት አዘጋጅቶ የአውሮፓ ልዑላንን አስፈረመ። ሐሳቡ እያንዳንዱ አገር ያለውን ድንቅ የጥበብ ሥራ በጀሶ፣ በኤሌክትሮታይፕና በፎቶግራፍ አስገልብጦ ቅጂውን ለሌሎች እንዲያካፍል ነበር። ዋናው በአገሩ ይቀመጣል፣ ቅጂው ይዞራል። በዚህ መንፈስ የሙዚየሙ ሰዎች በ1880 ሩሲያ ድረስ ሄደው የክሬምሊንን የብር ዕቃዎች በኤሌክትሮታይፕ አስገልብጠው ተመልሰዋል፤ ዋናዎቹን ብሮች ማንም አልነካባቸውም።

ስምምነቱ በተፈረመ በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ከዚያ ምርኮ መካከል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ የገቡት እዚያው ኮል ያቋቋመው ሙዚየም ውስጥ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1871 በፓርላማ ቆመው እነዚህ ነገሮች መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል።

ስለዚህ «በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረም» የሚለው መከላከያ ለዚህ ሙዚየም አይሠራም። ኋላ ለሩሲያው ዛር የብር ዕቃዎች የተጠቀመበትን መንገድ ሙዚየሙ ራሱ ያውቀው ነበር፤ ስምምነቱን የጻፈውም እሱ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የጉልበት ሚዛን ነው።

ክርክሩ ላይ ሲደርስ

የሙዚየሙ ወገን የሚያነሳው አንደኛው ነጥብ ሕግ ነው። በ1983 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቅርስ ሕግ ሙዚየሙ ስብስቡን አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል። በ2018 የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት ቅርሶቹን በረጅም ጊዜ ውሰት ለመላክ ሐሳብ ያቀረቡት ከዚህ ተነስተው ነው። የኢትዮጵያ ወገን መልስም የታወቀ ነው፦ የተዘረፈ ሰው የራሱን ንብረት ተውሶ አይወስድም። አንድ የሚያስገርም ነገር ግን ሕጉ ውስጥ አለ። ከክልከላው ነፃ ከሚሆኑት ዕቃዎች አንዱ በስብስቡ ውስጥ ሌላ አምሳያ ያለው ዕቃ ነው። የሕጉ አርቃቂዎች ያሰቡት ከአንድ ሰሌዳ እንደታተሙ ሁለት ሥዕሎች ያሉ እኩያ ዋናዎችን ይመስላል፤ የዘውዱ ኤሌክትሮታይፕ አምሳያ ተብሎ ይቆጠራል ማለት ይከብዳል። ቢሆንም ቅጂ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የጠበቃም ጥያቄ መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥባቸው የጎብኚው ብዛት ነው፤ ለንደን ከሆነ ዓለም ሁሉ ያየዋል ይባላል። ይህ የሚደክመው በራሱ በሙዚየሙ አዳራሽ ነው። ቪክቶሪያና አልበርት እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ የቅጂ አዳራሾች አሉት፤ ሮም ያለው የትራያን ዓምድ የጀሶ ቅጂ ለሁለት ተከፍሎ እዚያ ቆሟል። ጎብኚው ቅጂ መሆኑን እያወቀ ቀና ብሎ ያየዋል። የሮም ዓምድ ቅጂ ለለንደን ጎብኚ ከበቃ፣ የጎንደር ዘውድ ቅጂ የማይበቃበትን ምክንያት ማስረዳት የእነሱ ፈንታ ነው።

በእኛ ወገንም ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። «ቅጂ ይሥሩና ዋናውን ይላኩ» ማለት በቃል ቀላል ነው። ዘውዱ ግን እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነገር አይደለም፤ ከስስ የወርቅ ሽቦ የተጎነጎነ ሥራ፣ የመስታወት ፈርጥና የተለያዩ ማዕድናት ተገጣጥመውበታል። ሰም ወደ ውስጥ በገባ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ተመልሶ አይወጣም፤ ወይ ሰሙ ይቀደዳል፣ ወይ ዕቃው ይጎዳል። ኤልኪንግተንም ውስብስብ ዕቃ ሲያጋጥመው በክፍል በክፍል አስገልብጦ ያያይዝ ነበር። የ280 ዓመት ዕድሜ ባለው ጌጥ ላይ ዛሬ ሰም መጫን ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ጠጋኝ የሚስማማበት አይደለም። የዛሬው መንገድ በሌዘር ወይም በብዙ ፎቶግራፍ ሳይነኩ ቅርጹን መለካት፣ ከልኬቱ በሙጫ መሰል ፕላስቲክ ማተም፣ ያንን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቀለም ቀብቶ ገንዳ ውስጥ መክተት ነው። ኤሌክትሮታይፑ አልቀረም፤ ሰሙ ብቻ በኮምፒውተር ተተካ። የቅጂው ጥራት ግን ከእንግዲህ የሚወሰነው በገንዳው ሳይሆን በልኬቱ ነው።

ቅጂ ፈጽሞ የማይሠራበት ወሰንም አለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ በማያሳየው ክፍል ውስጥ 11 ታቦታት ይዟል። ታቦት የሚከበረው በቅርጹ ሳይሆን በመባረኩ ስለሆነ የመዳብ ቅርፊት የሚተካው ነገር የለም፤ ለንደንም ቅጂውን ለሕዝብ አሳያለሁ ልትል አትችልም። ዌስትሚንስተር አቢ የተባለው የለንደን ቤተ ክርስቲያን በ2024 መጀመሪያ በመሠዊያ ውስጥ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን ሲገልጽ ስለ ቅጂ ያነሳ አልነበረም። ዘውዱንና ታቦቱን በአንድ የቅጂ ክርክር ጠቅልሎ ማቅረብ የኢትዮጵያን ጥያቄ ያደበዝዛል እንጂ አያጠናክርም።

ቅጂው ዋና ነኝ ሲል

ጥሩ ቅጂ መሥራት ጥሩ ማታለያ መሥራትም ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ከ1859 ጀምሮ በሮበርት ሬዲ እጅ የጥንት ሳንቲሞችን ኤሌክትሮታይፕ እያሠራ ለሌሎች ሙዚየሞች ይሸጥ ነበር። ቅጂዎቹ ገበያ ላይ እንደ ዋና እንዳይወጡ ብዙዎቹ ጠርዛቸው ላይ የሠሪው ወይም የሙዚየሙ ምልክት ተመትቶባቸዋል። ጠርዝ የተመረጠበት ምክንያት አለ። የሳንቲም ኤሌክትሮታይፕ ሁለት ቅርፊት ነው፤ የፊቱና የጀርባው ለየብቻ ያድጉና መሐላቸው በእርሳስ ተሞልቶ ይጣበቃሉ። መጋጠሚያው ጠርዙ ላይ እንደ ክር ይታያል፤ አጭበርባሪ በሞረድ የሚያጠፋውም እሱን ነው።

ጉዳዩ የአክሱም ሳንቲሞችን በቀጥታ ይነካል። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ሳንቲም የመታ መንግሥት ነው። በእጁ የያዘውን የሚጠራጠር ሰው በሚዛን ይጀምር። ንጹሕ ወርቅ በኩብ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል፤ መዳብ 9፣ እርሳስ 11.3 ገደማ ነው። ስለዚህ ወርቅ የተቀባ ኤሌክትሮታይፕ መጠኑ ከዋናው ጋር እኩል ሆኖ ክብደቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻችን ደግሞ ሌላ ጠባቂ አላቸው፦ በአንዳንዶቹ ላይ ከንጉሡ ራስ ወይም ከመስቀሉ ዙሪያ ብቻ ወርቅ ተለብጧል። ይህን በገንዳ ለማስመሰል ሌላውን ቦታ ሸፍኖ ያንን ትንሽ ቦታ ለይቶ መቀባት ይጠይቃል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ የወርቁ ዳር ያጋልጠዋል።

የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ገጠር ባለ ዕቃ ቤት ውስጥ ሚዛንም ማጉያም የለም። ለጉብኝት ወይም ለጥገና ወጥቶ የተመለሰ መስቀል ያው መሆኑን የሚያረጋግጠው የካህኑ ዓይን ብቻ ነው። ክብደቱና ፎቶግራፉ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ማረጋገጡ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቅጂ ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጥ አካልም ምልክት የሌለው ቅጂ እንዳይወጣ ማስገደድ አለበት። ምልክቱ ለዓይን የማይጎላ፣ ግን ቢፋቅ ቅጂውን የሚያበላሽ ቦታ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

አዲስ አበባ ላይ ቢሠራ

ከመሣሪያው ይልቅ ሙያው ውድ ነው፤ ሙያው ደግሞ ግማሹ እዚህ አለ። ወርቅ መቀባትን የሚያውቁ፣ የተያያዘን ጌጥ ሳይጎዱ የሚፈቱና መልሰው የሚገጥሙ አንጥረኞች ከኮሪደር ልማቱ በኋላ አድራሻቸው ቢለዋወጥም ፒያሳና አካባቢዋ ላይ አሉ። ቅርጽ የመውሰድ ሙያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የሚጎድለው እነዚህን ሁለቱን ከሙዚየሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ አሠራር ነው።

ቸል የሚባለው ነገር ቆሻሻው ነው። የመዳብ ገንዳው አሲድ አለበት፤ ለወርቅ ቅቡ የሚውለው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሳያናይድ አለበት። ሁለቱ ከተገናኙ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። መዳብ የያዘ ውሃ ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ስለሆነ በኖራ ተረጋግቶ ዝቃጩ ሳይለይ ወደ ቱቦ መለቀቅ የለበትም፤ የመሐል ከተማው ቱቦ መጨረሻው ቀበና ወይም ባንተይቀጡ ወንዝ ነው። ይህን የማያሟላ ዎርክሾፕ ቢከፈት የሚያተርፈው ቅርስ ከሚያጠፋው ውሃ ጋር መመዘን ይኖርበታል።

በቅርቡ ይነሳል ብዬ የምጠብቀው ክርክር ደግሞ ስለ ብረቱም ስለ ገንዳውም አይሆንም፤ ስለ ልኬቱ ፋይል ይሆናል። ዘውዱን የለካው ሙዚየም ፋይሉን የእኔ ነው ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ቅጂ ለመሥራት እንኳ ፈቃዱን መጠየቅ ሊመጣ ነው። በሌላ በኩል ፋይሉን ለመስጠት የ1983ቱ ሕግ መሻሻል አያስፈልገውም፤ ከስብስቡ የሚጎድል ዕቃ የለምና ነገ ጠዋት ሊላክ ይችላል። ኢትዮጵያ ፋይሉን ብትጠይቅ ዋናውን ለማስቀረት ማባበያ ይሆንባታል ብለው የሚሠጉ አሉ፣ ሥጋታቸውም መሠረት አለው። ስለዚህ ጥያቄው በጽሑፍ ሲቀርብ ፋይሉን መቀበል የባለቤትነት ጥያቄን እንደማይዘጋ፣ የፋይሉም የመጠቀም መብት ያለ ገደብ እንደሚተላለፍ በዚያው ደብዳቤ ላይ መስፈር አለበት።